የአያ ቢያድግልኝ ደግነት

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ በክረምት ሞቶባት ከሁለት ልጆቿ ጋር ቀረች። መሬት አላት፤ ከቤቷ ጀርባ ጤፍ የምትዘራበት ማሳ፣ ወንዝ ዳር ደግሞ ሽንኩርትና ድንች የምታበቅልበት ጠባብ መሬት። የሌላት ጥማድ በሬ ነው። ከባሏ የቀረላት አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም።

ታዲያ በምን ኖረች? በወንፈል።

ገጠር ያደጋችሁ ወንፈልን ታውቁታላችሁ። ከተማ ላደጋችሁት ልንገራችሁ። ዛሬ ሁላችንም መጥተን የአንቺን እናርማለን፤ ነገ አንቺም መጥተሽ የእኔን ታርሚያለሽ። ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ይህች ሴት የጎረቤቶቿን ጤፍ ታርማለች፤ የእነርሱ ባሎችና ወንድሞች ደግሞ ማሳዋን ያርሱላታል፣ ያጭዱላታል። የወንፈል ሕጉ አጭር ነው፤ ተራህ ሲደርስ ትገኛለህ። ሳትናገር ከቀረህ ማንም አያባርርህም፣ ማንም አይቆጣህም። በቃ፣ በሚቀጥለው አይጠሩህም።

ከወንዙ ማዶ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ሁለት ጥማድ በሬ አላቸው፣ ሠራተኞች አሏቸው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚገኙ ሰው ናቸው። ሴትዮዋ ገና ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ መጡና አጥሯን ተመለከቱ። በማግስቱ ሠራተኞቻቸው እንጨት ተሸክመው መጥተው አጠሩላት።

«እታለሜ፣» አሏት፣ «እኔ እያለሁማ አንቺ በሰው ማሳ ጎንበስ ቀና አትይም።»

በበሬዎቻቸው አረሱላት። ዘር ሰጧት። ትንሹ ልጇ ሲታመም በበቅሏቸው ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ልጁም ዳነ። ወገኖቼ፣ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ትክክል አይሆንም፤ ልጁ በእውነት ድኗል። አጥሩም ጠንካራ አጥር ነበር።

ነሐሴ ላይ የእትዬ ጠጄ ማሳ የሚታረምበት ቀን ደረሰ። እትዬ ጠጄ ጎረቤቷ ናቸው፤ ወንፈሉን የሚያስተባብሩት እርሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ስለታም ነው፣ ሥራቸውም እንደዚያው። ሴትዮዋ ለመሄድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር አያ ቢያድግልኝ ሠራተኞቻቸውን አስከትለው ከደጇ ደረሱ።

«ያንቺን ልናርምልሽ መጣን።»

«ዛሬስ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያ። የእትዬ ጠጄ ተራ ነው፤ ይጠብቁኛል።»

«ሂጂ እንጂ፤ ማን ከለከለሽ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔማ ለአንቺው ብዬ ነው። እነሱ ከኋላሽ የሚሉሽን ብትሰሚ ባልሄድሽ ነበር። ግን ሂጂ።»

ሠራተኞቹን ይዘው ተመለሱ። እርሷም ወደ እትዬ ጠጄ ማሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ በደጇ ሲያልፉ ሰላም አይሏትም። ልጆቿ ሮጠው ሲቀበሏቸው ልጆቹን ይስማሉ፤ እርሷን ግን አያዩዋትም። ሴትዮዋ ጨነቃት። «ልጄን ያዳኑልኝ ሰው! ምን አድርጌ አስቀየምኳቸው?» አለች። በመጨረሻም ቤታቸው ድረስ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሳቁ። አነሷት። «አንቺ ደግሞ! እኔ ቂም የምይዝ ሰው ነኝ?» አሏት። ደስ ብሏት ተመለሰች።

የሚቀጥለው ተራ ሲደርስ አልሄደችም። ምን እንደምትል ጠፍቷት፣ አፍራም መልእክት አልላከችም። እንዲህ ሆና ከወንፈሉ ወጣች።

ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት መጣ። ማሳዋ ይታረሳል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል። ሁሉም በአያ ቢያድግልኝ እጅ። ምን ጎደላት? ምንም። የጎረቤት እግር ብቻ ከደጇ ቀስ ብሎ ቀረ።

ከዚያ አንድ ኅዳር ላይ ጤፉ አማረ። ቢጫ ሆኖ ተኛ። ነገር ግን ያለ ጊዜው ደመና ከምዕራብ ይሰበሰብ ጀመር። ያልታጨደ ጤፍ ላይ ዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ መሬት ላይ እንዳለ ይበሰብሳል። ሴትዮዋ ሠራተኞቹን እንዲልኩላት አያ ቢያድግልኝ ዘንድ ሰው ሰደደች። እርሳቸው ራሳቸው መጡ። ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ቀመሱ፣ አመሰገኑ።

«ሰዎቹን እልክልሻለሁ። መጀመሪያ ግን የወንዝ ዳሩን መሬት ነገር እንጨርስ።»

«የምን ነገር፣ አያ?»

«ልቀቂልኝ። ከእኔ መሬት ጋር ይገጥማል። ሽማግሌዎቹን ይዣቸው እመጣለሁ፤ በእነሱ ፊት ሰጥቻለሁ ትያለሽ።»

«ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ አይደለም ወይ?»

«ልጆችሽን እስከ ዛሬ ማን አበላቸው?»

 «እምቢ ብልስ?» አለች ሴትዮዋ።

አያ ቢያድግልኝ በበሩ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ወገኖቼ፣ ድምፃቸው አልተለወጠም። ያው እታለሜ የሚለው ድምፅ ነው።

«እታለሜ፣ እኔ እኮ አልቸኩልም። የሚቸኩለው ጤፉ ነው። ሌላ የሚያጭድልሽ ሰው ካለሽ ጥሪ። አለሽ?»

ተነሡ። ሲወጡ የትንሹን ልጅ ራስ ዳሰስ አድርገው ሄዱ።

አለሽ ወይ? ይህን ጥያቄ የጠየቋት መልሱን ስለሚያውቁ ነው። መልሱን ሲያበጁት የኖሩት ራሳቸው ናቸውና።

ሴትዮዋ ምን አደረገች? ተቀምጣ ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እርሷ ግን ማጭዷን ያዘችና ወጣች። የወንፈሉ ሰዎች በዚያ ቀን የእትዬ ጠጄን ጤፍ ያጭዱ ነበር። ከዳር ስትቆም ማጭዶቹ ሁሉ ቆሙ።

«ምን እግር ጣለሽ?» አሉ እትዬ ጠጄ ቀና ሳይሉ።

«ኧረ እመቤቲቱ ናቸው!» አለ አንዱ ሰው። «ምንጣፍ አንጥፉላቸው እንጂ!»

ሳቁባት። ስቀው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች።

«ጤፌ ሊበሰብስብኝ ነው። እርዱኝ።»

«አልፈልጋችሁም ብለሽ ልከሽብን የለም እንዴ?» አሉ እትዬ ጠጄ።

«እኔ? ማንን ላክሁ?»

«አያ ቢያድግልኝ ናቸው የነገሩን። ‹ወንፈል በጠራች ቁጥር ለእናንተ መደገስ ከብዷታል፤ አፍራ ነው እንጂ ተዉኝ ነው የምትለው› አሉን። እኛም ተውንሽ።»

«ለእኔ ደግሞ ‹ያሙሻል› ይሉኝ ነበር።»

«ማማቱንስ አምተንሻል!» አሉ እትዬ ጠጄ። «ከቀረሽ ወዲህ ነው እንጂ። መጥቼ እንዳልጠይቅሽ ኮራሁ። አንቺም መጥተሽ እንዳትነግሪኝ አፈርሽ። ሁለታችንንም በአንድ ገመድ አሰሩን።» ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ጥፋትሽን ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ ብዙ ነው። አሁን ያ ማጭድ ተስሏል?»

ሁሉም አልሄዱም። «ተራዋን ሳትሰጥ ለምን ይሠራላታል?» ያሉ ነበሩ፤ በወንፈል ሕግ ልክ ናቸው። የሄዱት ግን የእትዬ ጠጄን ማሳ ገና ሳይጨርሱ ጥለው ሄዱላት። ዝናቡ ሲጥል ጤፉ አብዛኛው ተከምሯል። የታችኛው ጥግ ቀርቶ በሰበሰ። የወንዝ ዳሩ መሬት ግን ዛሬም የእርሷ ነው። ልጆቿም ከእርሱ ይበላሉ።

አያ ቢያድግልኝስ? እንደ ወትሯቸው ናቸው። ለቅሶ ቤት ቀድመው ይገኛሉ።

ወገኖቼ፣ ወጣቶቻችን ባለፈው በዓል ያሳዩንን ድራማ ታስታውሳላችሁ? ክፉው ሰው ከመጋረጃው ኋላ ሲወጣ ጢሙ በከሰል ተስሏል። ሲስቅ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ፊት የተቀመጡት ሕፃናት ሁሉ «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብለው ጮኹ። ድራማውን የጻፈችውን ልጅ በኋላ «ክፉውን ሰው መጀመሪያ ደግ አድርገሽ ብታመጪውስ?» አልኳት። «አይሆንም፤ ሰው ይወደዋል» አለችኝ።

አዎ፣ ይወደዋል። እኛስ የምንጎዳው በማን ነው? ጢሙን በከሰል በሳለ ሰው ነው? እርሱን ስናይ በራችንን እንዘጋለን። ልባችንን የከፈትነው አጥራችንን ላጠረልን፣ ልጃችንን ላሳከመልን ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ደግ የሠራልንን ሁሉ እንጠርጥር? አይደለም! ከዚህ ወጥታችሁ ጎረቤታችሁ ምግብ ቢልክላችሁ «ምን ፈልጎ ነው?» የምትሉ ከሆነ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ ይሻል ነበር። እንዲያውም አያ ቢያድግልኝ ራሳቸው መጀመሪያ ከልባቸው አዝነውላት ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም። ምናልባት እርሳቸውም አያውቁም። ሰው ደግ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን የሠራው ሁሉ የእርሱ ንብረት ይመስለዋል።

ግን ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አይታ ነበር። መቼ? «ዛሬስ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ባለች ቀን። ትንሽ እምቢታ ነበረች። ደግነት እምቢ ሲባል ምን ያደርጋል? ያዝን ይሆናል፤ ነገ ግን ሰላም ይላል። ሊገዛን ፈልጎ የመጣው ግን በዝምታ ይቀጣል። ይቅርታ ለምነን እስክንወድቅ ይጠብቃል። ከዚያ ያነሣናል፤ ማንሣቱንም እንደ ውለታ ይቆጥርብናል። ሌላም አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይለየናል። ጓደኞችሽ ያሙሻል፣ እናትህ አትረዳህም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁልህ ይላል። እግዚአብሔር እንኳ፣ ሁሉን የሰጠን እርሱ፣ እምቢ ያለውን ሰው ፀሐዩን አይከለክለውም። ሰው ከእግዚአብሔር በላይ ቀናተኛ ሆኖ ሲመጣብን ለምን ፍቅር ነው እንላለን?

እናንተ እህቶች፣ ያገባችሁም ያላገባችሁም፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። እናንተ ወንድሞች ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ። የረዳችሁት ሰው እምቢ ቢላችሁ ነገ ሰላም ትሉታላችሁ?

አሁን ልጨርስ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ።

ከመካከላችን መምጣት ያቆመ ሰው አለ። ሁላችሁም አንድ ስም አስባችኋል፤ ከፊታችሁ አያለሁ። ምን ብለናታል? «ኮራች» ብለናል። «አግብታ ረሳችን» ብለናል። «ሥራ አግኝቶ ናቀን» ብለናል። ማን ነገረን? ሄዶ የጠየቃት አለ? አያ ቢያድግልኝ ብቻቸውን ይህን ሁሉ አልሠሩም፤ የጎረቤቶቿ ኩራት አግዟቸዋል።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት በደጇ እለፉ። «የት ጠፋሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ለምን እንደጠፋች ቆይታ ትነግራችኋለች፤ ወይም አትነግራችሁም። መጀመሪያ ያልተሠራላትን ሥራ አይታችሁ እጃችሁን አስገቡ። ምናልባት በዚህ ሰዓት አንድ ሰው «ሌላ አለሽ ወይ?» እያላት ነው። መልሱ እናንተ ናችሁ።

ተነሡ እንጸልይ። የአንዳንዶቻችሁ መንገድ ሩቅ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ።