ወንዝ ማዶ ያለችው ጎጆ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንድ ችኩል ፍልፈል ነበር። ደላላው ቁራ ደጁ ድረስ መጣና፣ «አያ ፍልፈል፣ ወንዝ ማዶ፣ ዋርካው ላይ አንዲት ጎጆ ቀርታለች። ጦጣም ዓይኗን ጥላባታለች፤ ይኸው እያወራን እንኳ ዋጋው ጨመረ» አለው።

ጎረቤቱ እትዬ ጃርት ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ መጀመሪያ ሄደህ እያት! ደግሞስ አንተ ዛፍ ላይ ምን ልትሠራ?»

«ምቀኛ! ከዚህ ሰፈር ወጥተሽ አታውቂ፣ ምን ይገባሻል? እኔ እስካያት ጦጣ ትወስድብኛለች።»

ጉድጓዱን ካጠራቀመው ሥራ ሥር ጋር ለቁራ አስረከበ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ «ማዶ ቤት ገዛሁ» ብሎ ተመረቀና ሄደ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እትዬ ጃርት ነገሩ ከነከናትና ተሻግራ ሄደች። ፍልፈልን ዋርካው ሥር፣ ጭቃ ውስጥ ኩርምት ብሎ አገኘችው። ጎጆዋ ከላይ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ትወዛወዛለች፤ የቁራው ጫጩቶች ይንጫጩባታል።

«ምነው አያ ፍልፈል፣ እቤትህ አትገባም እንዴ?»

ፍልፈል ቀና እንኳ ሳይል፣ «አከራይቼው ነው» አላት።

ይህን ከማለቱ ከላይ ኩስ አናቱ ላይ ጠብ አለ።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ ዳቦውን እናንተ አምጡ።