ታፔላው ሲዞር

«አንድ ሰው ነበረ» አልኳት።

ትርሲት የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር። የክሊኒኮችን አድራሻ የሚያሳይ ድረ ገጽ እየሠራች ነው። ከላይ ከተማ የሚመረጥበት ዝርዝር አለ። ደሴ የነበረውን ወደ ወልድያ ስትቀይረው፣ ከሥሩ የደሴው ክሊኒክ አድራሻ እንዳለ ይቀራል። «ጋሼ፣ ምርጫው ከተቀየረ አድራሻው ለምን አይቀየርም?» አለችኝ።

ሰውየው የቀን ሠራተኛ ነበረ። ድንጋይ ይሸከማል፤ ሥራ ባጣ ቀን አይበላም። አንድ ፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ እንደሚመዘግብ ሰማ። የመጨረሻው ቀን ነበር፤ በሩ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጠዋት ታክሲ ተራ ሄደ። የአንዱ ታክሲ ጣሪያ ላይ ያለው ታፔላ የፋብሪካውን ሰፈር ያሳያል። ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ድካም ነበረበትና እንቅልፍ ወሰደው።

ሾፌሩ ለገበያ የተሰለፈው ሰው መብዛቱን አየ። ወርዶ ታፔላውን አዞረ። ታፔላ ውጭ ነው፤ ውስጥ የተቀመጠ አያየውም።

አንድ ሽማግሌ ተራ አስከባሪ ይህን አይቶ የታክሲውን በር በመዳፉ ደበደበ።

«ታፔላ ዞሯል! የፋብሪካ ውረዱ፣ የገበያ ግቡ!»

«ፋዘር፣ ምን አገባህ? ሲደርሱ ያውቁት የለ?» አለ ሾፌሩ።

«ሲደርስማ በግም ያውቃል፤ ቄራ ሲደርስ!» አለና ወደ ኋላ ወንበር ጮኸ። «አንተ እንቅልፋሙ! ሽንኩርት ልትገዛ ነው?»

«ፋብሪካ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ውረድ፣ ያኛው ላይ ግባ!»

ሰውየው ወርዶ በሌላው ታክሲ ሄደ። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረሰ፤ ተመዘገበ። በደመወዙ የማታ ትምህርት ተማረ። ከዚያ ወዲህ ጦሙን አድሮ አያውቅም።

«ሽማግሌውን አመሰገነው?» አለች ትርሲት።

«ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ነው የሮጥኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ድረ ገጹ እያመለከትኩ ቀጠልኩ።

«ዝርዝሩ ታፔላው ነው፤ አድራሻው ተሳፋሪው። ታፔላ ስለዞረ ብቻ ተሳፋሪ አይለወጥም፤ የሚነግረው ይፈልጋል። አንቺ ታፔላውን አዞርሽ፣ ተራ አስከባሪ ግን አላቆምሽም። ምርጫው በተቀየረ ቁጥር የሚሰማ፣ የተመረጠውን ከተማ አንብቦ የድሮውን አድራሻ የሚያወርድ፣ አዲሱን የሚያስገባ ኮድ ጻፊ። ወልድያ ላይ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ትኖራለች። ስምሽን አታውቀውም። አንቺ ግን በትክክለኛው በር ታስገቢያታለሽ፤ እኔ እንደገባሁ።»