የፎካሪው አረማመድ

አንድ ፎካሪ ነበረ።

ያፌት ልጄ፣ «እንደ ራፐሮቹ ብራመድ፣ እንደነሱ ብኮሳተር ምን አለበት እቴቴ? ወንድነት እሱ አይደለም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እንግዲያው ጆሮህ ላይ የሰካኸውን አውጣና ስማ።

ይህ ፎካሪ በየሰርጉ ይጠራል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ «ዘራፍ!» ሲል ሴቱ እልል ይላል፤ ሽማግሌው እንኳ ከተቀመጠበት ይነሳል። አንድ እግሩ ያነክሳል። ሲፎክር ታዲያ ማነከሱ ራሱ ያምርበታል። ከጦር ሜዳ ያመጣው ነው ተብሎ ይወራል። እሱም አዎ አላለ፣ አይደለም አላለ።

በዚያው አገር የአንዲት መበለት ልጅ የሆነ ጎረምሳ ነበረ። ሳቂታ ነው። ውሃዋን የሚቀዳላት፣ መሬቷን የሚያርስላት እሱ ብቻ ነው። ፎካሪውን አንድ ሰርግ ላይ ካየ ወዲህ ግን ቀልቡ ተሰለበ። ሳቁን ተወ። እንስራውን «የሴት ዕቃ» ብሎ ተወ። ጓሮ እየዞረ ማነከስ ያጠና ጀመር። አየህ፣ ፉከራ ግጥም ይጠይቃል፤ ማነከስ ይቀላል።

አንድ ክረምት አነከሰ። ሁለተኛውንም አነከሰ። ሦስተኛው ሲቃረብ ወገቡን ይወጋው ጀመር። በሬዎቹን ተከትሎ ሁለት ትልም መሄድ አቃተው፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። እናቱ «ማን ሊያርስልኝ ነው!» እያለች ወጌሻ ዘንድ ወሰደችው።

ወጌሻው ዳበሰ፣ ጎተተ፣ አሸ። «እትዬ፣ የተሰበረም የወለቀም የለም» አላት።

በግቢው ጥግ ቁርበት ላይ ደግሞ አንድ ሰው እግሩን በቅቤ ታሽቶ ተጋድሟል። ጋቢውን ነክሶ ያለቅሳል። ጎረምሳው ቀረብ ብሎ ቢያይ፣ ያ ፎካሪ! እንባው ጺሙን አርሶታል።

ፎካሪው ቀና ብሎ የልጁን አረማመድ አየ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተን ደግሞ ምን መታህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ታነክሳለህ?»

ጎረምሳው መሬት መሬት አየ። «እርስዎን አይቼ ነው፣ ጋሼ።»

ፎካሪው እንባውን በጋቢው ጠርጎ፣ «እኔን እኮ በቅሎ ናት የጣለችኝ፤ ያውም ሰርግ ስሄድ» አለው። «ይህን እግር የሚወስድልኝ ባገኝ ፉከራዬን ከነዱላው በሰጠሁት! አንተ ፉከራውን ትተህ እግሩን ወሰድክ?»

ወጌሻው ይህን ሰማ። «መድኃኒትህ እንስራ ነው» አለው። «እስከ አፉ ሞልተህ ከወንዝ እስከ ቤት ተሸከም። ጠብታ ሳይፈስህ የገባህ ዕለት ድነሃል። ያጣመምከው አንተ፣ የምታቃናውም አንተ።»

ኮረዶቹ ምን ያህል ሳቁበት መሰለህ! «እስቲ ፎክርልን!» ይሉታል፣ ጀርባው በውሃ ርሶ ሲያዩት። እሱ ግን ቀዳ። ሰኔ ሳይጋመስ ጀርባው ደርቆ ገባ። በማግስቱ በሬዎቹን ጠመደ።

አንተም ያንን ጎረምሳ ነው የምትመስለኝ፣ የኔ ጌታ። በስልክህ የምታየው ባለ ሰንሰለቱ ሰውዬ ፎካሪው ነው። ዜማው ጥሩ ነው፤ እኔም ሳላስበው እግሬ ሲመታ አገኘዋለሁ። ዜማውን ውሰድ። ፊቱን ማጥቆሩ፣ ሴት ማዋረዱ፣ «ወንድ አያለቅስም» ማለቱ ግን እንደ ማነከሱ ነው፤ ከየት ወድቆ እንዳመጣው እኔም አላውቅ፣ አንተም አልጠየቅኸው። ካሜራው ሲጠፋ ጋቢውን ነክሶ ያለቅስ እንደሆነስ በምን ታውቃለህ?

ትናንት ታናሽ እህትህ ጉልበቷ ተልጦ ወዳንተ ስትሮጥ «ዞር በይ» አልካት። ድሮ አንተ ነበርክ እፍ የምትልላት። ከደጃፍ ሆኜ አየሁህ።

እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ አንተን ምን መታህ?