አትጠገብ እንስራዋን ያፈሰሰችበት መሬት

ነገሩ የዱሮ ነው። የዛሬ ሽማግሌ ቅድመ አያት ገና ድክ ድክ በሚልበት፣ ከተማ ማለት አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ገበያና ብዙ ሐሜት በነበረበት ዘመን፣ ድንጋይ በር በምትባል ከተማ አትጠገብ የምትባል ውሃ ቀጂ ነበረች።

ባሏ ሞቷል። ልጅ የላትም። ያላት አንዲት እንስራና አንዲት አማት ነው። እንስራዋ ዝም ትላለች፤ አማቷ እማማ ድንቄ ግን ዝም አይሉም።

«የሰው ምራት ወርቅ ታመጣለች፤ የኔዋ ውሃ ታመጣለች» ይላሉ።

«ወርቅ ይጠጣል እንዴ፣ እማማ?» ትላለች አትጠገብ።

እንዲህ እየተነካከሱ ይዋደዱ ነበር።

በግንቦት፣ ነፋስ ባበደበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአንድ ምድጃ የተነሣ እሳት የታችኛውን ሰፈር በላ። ሠላሳ ሰባት ቤት በላ። የአትጠገብንም በላ። ሰው አልሞተም፤ ጣሪያ የሚባል ነገር ግን አልተረፈም። የክዳን ሣር ደግሞ የሚታጨደው በኅዳር ነው። በግንቦት ሣር የት ተገኝቶ! ያለውን ከብት ግጦታል። እንግዲህ ክረምቱ ከፊት አለ፤ ሣሩ ከክረምቱ ወዲያ አለ። ሠላሳ ሰባት ቤተሰብ በመሃል፣ ሜዳ ላይ ቀረ።

እማማ ድንቄ ደረታቸው ደካማ ነው። ያለፈውን ክረምት ጣሪያ ሥር ሆነው እንኳ ሲስሉ ነበር የከረሙት። መድኃኒት አዋቂ የሆኑ አንድ ደብተራ አዩአቸውና አትጠገብን ገለል አድርገው፣ «እኚህ ሴትዮ ክረምቱን በደረቅ ካላሳለፉ መስቀልን አያዩም» አሏት። አትጠገብ ይህን ሰማች። ከዚያ ወዲያ ጆሮዋ ሌላ ነገር አልሰማ አላት።

የከተማው ሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ባላምባራስ ይርዳው ናቸው፤ የከተማው መሬት በእሳቸው እጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ክፉ ሰው «አይሆንም» ይላል፣ ነገሩም ያልቃል። ባላምባራስ ግን «ይሁን» ይላሉ፤ ቀጥለው «ግን» ይላሉ።

«መጠለያስ ይሁን፤ እዚህ ግን አይሁን» አሉ።

ይቺን ቃል ሁሉም ወደዳት። የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ መጠለያስ ይሁን፣ ከቅጥሩ ግን አይጠጋ አሉ። የገበያው ሹም፣ ይሁን፣ ከገበያው ግን አይጠጋ አለ። የምንጩ ሰፈር ሰው፣ ይሁን፣ ከምንጩ ግን አይጠጋ አለ። የላይኛው ሰፈር መኳንንት፣ ይሁን፣ ከአጥራችን ግን አይጠጋ አሉ። ሁሉም አዘነ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈር መምጠጥ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ከተማው ሁሉ በተከደነ።

አትጠገብ ለሸንጎው ውሃ ልታጠጣ መጥታ ቆማ ትሰማለች። እንስራዋን አወረደች።

«ጌቶቼ፣ የቀረው ሰማይ ነው። መሰላሉን ማን ይሰጠናል?»

ሳቁ። ባላምባራስ አልሳቁም። «ቦታስ አለ» አሉ፤ «ጨፌው አለላችሁ። ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ ሣሩ ራሱ ፍራሽ ነው።»

የመጀመሪያው መከራ ይህ ጨፌ ሆነ።

ሠላሳ ሰባቱ ቤተሰብ የተረፈውን ዕቃ ተሸክሞ ወረደ። ጨፌው በእውነትም አረንጓዴ ነው፣ በእውነትም ሰፊ ነው። ሰው ደክሞታል፤ ዕቃውን ያወርድ ጀመር። አትጠገብ ግን ሙሉ እንስራዋን ከጀርባዋ ፈታች፣ ሣሩን በእግሯ ገለል አደረገች፣ ውሃውን መሬቱ ላይ ዘረገፈችው። ቆመች። አየች። ውሃው ቆመ። ሰው ሁሉ ከቦ አየ። ውሃው እንደ ቆመ ቀረ።

«አንዲት እንስራ መጠጣት ያቃተው መሬት ክረምቱን ሊጠጣልን ነው?» አለች።

«ተይ እንግዲህ!» አለ አንድ ሸማኔ፤ «ባላምባራስ ከሚያውቁት አንቺ ልታውቂ ነው?»

«ባላምባራስ ውሃ ተሸክመው ያውቃሉ?»

ተጣሉ። ግማሹ አብሯት ወጣ፤ ግማሹ እዚያው ሰፈረ። አትጠገብ እማማ ድንቄን አዝላ ወደ ዳገቱ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። አንድ ዝናብ ብቻ ነው የጣለው። ጨፌው ኩሬ ሆነ። የሸማኔው የሽመና ዕቃ እየተንሳፈፈ ሄደ፤ ሕፃናቱን በትከሻቸው አድርገው እስከ ወገብ በውሃ እየተራመዱ ወጡ። ሸማኔው እንደ ረጠበ መጥቶ አትጠገብ ፊት ቆመ። አልሰደበችውም፤ ይህም ከስድብ ባሰበት። ከዚያ ቀን ወዲህ «እንስራዋ ምን አለች?» እንጂ «ባላምባራስ ምን አሉ?» የሚል ጠፋ።

ዝናቡ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ሰኔ ገባ።

አትጠገብ እንስራዋን ተሸክማ ከተማውን ትዞር ጀመር። ባዶ ቦታ ስታይ ትቆማለች። ታፈሳለች። ታያለች። ወሬው ቀድሟት ሮጠ። የላይኛው ሰፈር ሰዎች ስትመጣ ሲያዩ ሎሌዎቻቸውን ልከው የገዛ መሬታቸውን ውሃ ያስጠጡ ጀመር፤ ረግረግ መስሎ እንዲታይ። ጭቃ ከጎረቤት የሚሻልበት ጊዜ መጣ። እሷም በባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ጭቃ ስታይ፣ «እዚህስ ደረቅ መሬት አለ ማለት ነው» ብላ ትስቅ ነበር። ስትስቅ ግን ከኋላዋ የእማማ ድንቄ ሳል ይሰማታል። ሳሉ ወፍሯል።

ሁለተኛው መከራ የጨው ነጋዴዎች ዳስ ነው።

ዳሱ ገበያው መሃል ነው። ረጅም ነው፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ወለሉ ከፍ ያለ ነው። የሚሠራበት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስድስቱን ቀን ድመት ይተኛበታል። አትጠገብ የነጋዴዎቹ አለቃ እግር ላይ ወደቀች። አለቃው አሰበና፣ «ከእሑድ እስከ ዓርብ ግቡ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ሰው እንዳላይ። ጨው የሰው ትንፋሽ አይወድም» አለ።

ገቡ። ስድስት ቀን ደረቅ ሆነው ሰነበቱ። ቅዳሜ ሲነጋ ዕቃውን፣ ሕፃኑን፣ በሽተኛውን ተሸክመው ወጡ፤ እሑድ ተመለሱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ወጡ፤ እሑድ ተመለሱ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሲወጡ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

እዚያ ገበያ መሃል የታየውን ድንጋይ በር እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ጨው በጣሪያው ሥር ተደርድሮ ነበር፤ በቁርበት ተሸፍኖ፣ በገመድ ታስሮ፣ እንደ ሙሽራ ተከልሎ። እማማ ድንቄ ደግሞ ከዳሱ ሁለት ክንድ ርቀው፣ በዝናቡ ውስጥ፣ በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይስላሉ። በረዶው ከራሳቸው ላይ ይነጥራል።

አትጠገብ ነጠላዋን አልብሳቸው ወደ አለቃው ዞረች።

«ጌታዬ፣ ለአንዲት አሮጊት የሚሆን ጥግ።»

«ጨው ሲርስ ይሟሟል፣ እቴ» አለ አለቃው።

«ሰውስ?» አለች።

አለቃው የጨዉን ገመድ ያጠብቅ ጀመር። እሷም እሑድ ወደ ዳሱ አልተመለሰችም። ሠላሳ ስድስቱም ተከተሏት። ሸማኔው እማማ ድንቄን ተቀብሎ አዘለ። እሳቸውም ጀርባው ላይ ሆነው፣ «ቀስ በል፤ ጨው አይደለሁም» አሉት። ድምፃቸው ግን ከጉሮሯቸው አልወጣ ብሎ ነበር። አትጠገብ ይህን ስትሰማ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሦስተኛው መከራ የበቅሎው በረት ነው።

በላይኛው ሰፈር፣ ከባላምባራስ ይርዳው ቤት ጀርባ፣ የድሮ ገዢ በቅሎዎች ያደሩበት ሰፊ ግቢ ነበር። ግቢው የከተማው ነው። በቅሎ ካደረበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዙሪያውን እስከ አንገት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለው። አትጠገብ ገባች፣ እንስራዋን አፈሰሰች። እንስራዋን ሳታቃና መሬቱ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። ሌላ እንስራ አምጥታ አፈሰሰች፤ ያንንም ጠጣ። አትጠገብ ተንበርክካ አፈሩን ሳመች።

ወደ ባላምባራስ ሄደች። እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ብቻ። ሣር እስኪታጨድ።»

«መጠለያስ ይሁን…» አሉ ባላምባራስ።

አላስጨረሰቻቸውም። እጅ ነሥታ ወጣች።

ሰኞ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሠላሳ ሰባቱ ቤተሰብ በረቱ ውስጥ ገባ። ከእሳት የተረፈውን ቋሚና ማገር ካቡ ላይ አስደገፉ። የጥድ ቅርንጫፍ ጣሉበት፣ ሰሌንና ቁርበት አለበሱት፣ ጭቃ ለሰኑት። የመጀመሪያዋ ጎጆ ስታልቅ እማማ ድንቄን አስገቧቸው፤ አትጠገብም ምድጃ አነደደችላቸው። እንጨት አጥሯቸው ስለነበር የጎጆዋ በር ዝቅ ያለ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ባላምባራስ ስምንት ሰው አስከትለው፣ መጥረቢያ አስይዘው መጡ። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል።

«አፍርሱ!» አሉ።

ስምንቱ ሰዎች ተጠጉ። አትጠገብ በሩ ላይ ቆማለች። አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ፤ ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ አሮጊት አለችበት። እሳትም አለበት። ሰውና እሳት ያለበትን ቤት እኔ አልነካም፤ ልጆች አሉኝ።»

«አንተስ?» አሉት ሌላውን።

«እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ልጅ የሌለው የለም?» ብለው ጮኹ ባላምባራስ። የሌለው አልተገኘም። «እንግዲያው እኔው አወጣታለሁ! ዞር በይ፣ አንቺ!»

አትጠገብ አየቻቸው። ከዚያ ሰማዩን አየች። መታገል ትችል ነበር፤ ክንዷ ሃያ ዓመት ውሃ የተሸከመ ክንድ ነው። ግን ስምንት መጥረቢያ አለ፣ ከኋላዋም ሕፃናት አሉ። ዞር አለች። ሸማኔው ፊቱን ሸፈነ።

ባላምባራስ ቁመተ ረጅም ነበሩ። በሩ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። እጥፍ ብለው ራሳቸውን አስገቡ። እርጥብ ጭቃ ሸተታቸው፣ የተቆረጠ ጥድ ሸተታቸው፣ አዲስ ምድጃ ሸተታቸው። የአዲስ ቤት ጠረን ነው። ሰው ከእናቱ ጋር አዲስ ቤት መግባት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አፉ የለመደው ነገር አለ፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ምላሱ ራሱ ይለዋል፣ ልብ አይጠየቅም። የባላምባራስም ምላስ ልባቸውን አልጠየቀም።

«ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ ያ ከጉሮሮ አልወጣ ብሎ የነበረ ድምፅ እንደ ደወል ወጣ።

«እንቦሳ እሰሩ! ግቡ፣ ግቡ! ደግሞ በሩን አትጋርዱብኝ!»

ስምንቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ባላምባራስ ግማሽ አካላቸው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። የመረቁትን ቤት እንዴት ያፈርሱታል? ከብት ይግባበት፣ ወተት ይትረፍረፍበት ብለው ባሉ አፋቸው፣ አፍርሱ የሚለው ቃል በየት በኩል ይውጣ? እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ቤቱ አይቆምም፤ ይህን የማያውቅ በድንጋይ በር አልነበረም።

አንዱ መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ስምንቱም።

ባላምባራስ ወጡ። ጥምጥማቸው ጭቃ ነክቶታል። ከዚያ አትጠገብን፣ «እስከ ኅዳር ሚካኤል ነው ያልሽው?» አሏት።

«እስከ ኅዳር ሚካኤል፣ ጌታዬ።»

«አንዲት ቀን ብታልፍ…»

«አንዲት ቀን ብታልፍ መጥረቢያዎን እኔ ራሴ አቀብላለሁ።»

«አንተ ሰው» አሉ እማማ ድንቄ ከውስጥ፣ «መርቀህ ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው? እንቦሳው የታለ?»

አሁን ስምንቱም ሳቁ። ባላምባራስ ግን ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ዝናቡ ወረደ። ያን ቀን ሠላሳ ስድስቱ ገና ጣሪያ አልነበራቸውምና ስምንቱ ሰዎች መጥረቢያቸውን አንሥተው እንጨት ይቆርጡላቸው ጀመር።

ክረምቱ አለፈ። እማማ ድንቄ መስቀልን አዩ፤ አይተውም ሌላ አራት ክረምት ሰው ሲሰድቡ ኖሩ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሣሩ ታጭዶ በተከመረ ጊዜ፣ አትጠገብ ማልዳ ተነሥታ የራሷን ጎጆ መጀመሪያ ነቀለች። ማንም ሳያዛት ነቀለች። ሠላሳ ስድስቱ ተከተሏት። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ በረቱ እንደ ጥንቱ ባዶ ነበር። ባላምባራስ በካቡ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። በማግስቱም ሸንጎ ጠርተው፣ በዚያ ግቢ ቤት እንዳይሠራ፣ እህል እንዳይዘራ፣ ቤቱ ለተቃጠለበትና ጎርፍ ለወሰደበት ሰው ባዶውን እንዲቆይ አስማሉ።

አንዳንዱ አትጠገብ በሩን ሆን ብላ ነው ዝቅ ያደረገችው ይላል። ሐሰት ነው፤ እንጨት አጥሯት ነው። ብልሃቱን ለማግኘት እንጨት ማጣት ይበቃል።

ግቢው ዛሬም የአትጠገብ ሜዳ ይባላል። በድንጋይ በር መጠለያ በተሠራ ቁጥር የመጀመሪያው በር ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ቀድሞ እንዲገባ የሚጠራውም በጣም ያጉረመረመው ጎረቤት ነው። በሸንጎም ቢሆን፣ በቀበሌም ቢሆን፣ አንዱ ብድግ ብሎ መጠለያስ ይሁን፣ እዚህ ግን አይሁን ያለ እንደ ሆነ፣ የሚመልስለት ሰው ብዙ አይናገርም። «እስቲ መጀመሪያ ጎንበስ በል» ይለዋል።