ወንበሩን ወደ ጓሮ የወሰደችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በሰፈሯ እድር ውስጥ፣ ለቅሶ በመጣ ቁጥር የወጥ ቤቱ ኃላፊ እሷ ነች። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሌላው ሰው ነጠላውን ይፈልጋል፤ እሷ ትልቁን ድስት ትፈልጋለች። ሌላው ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ያለቅሳል፤ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሳለች።

ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ልጠይቃችሁ። ለቅሶ ደርሳችሁ፣ በልታችሁ ጠጥታችሁ ስትወጡ፣ ወደ ጀርባ ዞር ብላችሁ «ይህን ያበሰለልን ማነው?» ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አሁን ደግሞ ዝም አላችሁ። ይህን ዝምታችሁን ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ይህች ሴት ዘርፌ ትባላለች። ሰፈሩ እትዬ ዘርፌ ይላታል። ብርቄ የምትባል ጎረቤት አለቻት፤ በለቅሶ ቤት ሥራ ከአጠገቧ የማትለይ። ባለፈው ክረምት በአሮጌው የእድር አዳራሽ ለቅሶ ነበር። ወጥ ቤት የሚሉት ከአዳራሹ ጀርባ ያለ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ጓሮ ነው። የራሱ የመብራት መስመር የለውም። ለኤሌክትሪክ ምድጃው የሚሆነው ኃይል ከአዳራሹ ሶኬት በረጅም ገመድ፣ በመስኮት ተስቦ፣ ጭቃው ላይ ተጋድሞ ይመጣል። ገመዱም በየቦታው ተልጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ብርቄ «ይሄ ነገር ከውኃው ላይ ይነሣ» ብላ፣ ሳህን ስታጥብበት በነበረ እርጥብ እጇ አነሣችው።

ያዛት። ዘርፌ የእንጨት በርጩማ አንሥታ ገመዱን ከእጇ ላይ ባትመታው ኖሮ፣ በማግስቱ ሌላ ጡሩምባ ይነፋ ነበር።

በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ማንደፍሮ ከወንበራቸው ሳይነሡ ወደ ጓሮው ጮኹ። «ምን ነክታችሁ ነው መብራቱን ያጠፋችሁት?»

ክፉ ሰው አይምሰሏችሁ። ሰውየው የታመመ ጠያቂ፣ የተጣላ አስታራቂ ናቸው። ነገር ግን ከተቀመጡበት ሆነው የታያቸው የጠፋው መብራት ብቻ ነበር።

ብርቄ ተረፈች። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። ጭልፋውንም ብርጭቆውንም በግራዋ መያዝ ለመደች። ፊት ለፊት ለተቀመጡት የደረሳቸው ወሬ «አንዷን ኤሌክትሪክ አስደንግጧት ነበር፣ ተመስገን ተርፋለች» የሚል ነው፤ ነገሩ በዚያው ተረሳ። ዘርፌ ግን አልረሳችም። የብርቄን እጅ በቅባት እያሸች «እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ገመድ ሁለተኛ ሰው አይነካም» አለች። ማንም መሐላዋን አልሰማም፤ ከብርቄና ከእግዚአብሔር በቀር።

እድሩ አሮጌውን አዳራሽ አፍርሶ በብሎኬት አዲስ ሠራ። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ለበሰ፣ የቀረው ልስን ነው። ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የመብራቱ ቱቦ የሚቀበረው፣ ለኢንተርኔቱ ገመድ መሄጃ የሚተወው፣ የሶኬቱ ቦታ የሚፈለፈለው ከልስን በፊት ነው። ከልስን በኋላ ግድግዳ የሚያስፈርስ ጀግና አላየሁም። በእድር ቤት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ማን ሁለተኛ ያዋጣል?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮሚቴው በአዲሱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ይርዳው የሚባለው ኤሌክትሪሺያን ተጠርቷል። አቶ ማንደፍሮ መድረኩ ላይ፣ ባለ መደገፊያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ያመለክታሉ። «እዚህ ባለ ብዙ አምፖሉን መብራት እንሰቅላለን። እዚያ ለድምጽ ማጉያው ሶኬት። በሩ ላይ ካሜራ። ዋይፋዩ ለቢሮው።» ይርዳው ከዘራውን እየተከተለ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ምልክት ያደርጋል።

ብርቄ ሻይ ታድል ነበር። ለአቶ ማንደፍሮ ብርጭቆውን በግራ እጇ ዘረጋችላቸው። ለትልቅ ሰው በግራ ይሰጣል እንዴ? «ልጄ፣ በቀኝሽ» አሏት፤ ለስለስ አድርገው፣ አባት ልጁን እንደሚያርም። ብርቄ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች።

ገባች። «ጋሼ ማንደፍሮ፣ ወጥ ቤቱስ?»

«የምን ወጥ ቤት?»

«የጓሮው ነዋ። መስመር አልተያዘለትም።»

«እሱማ እንደ ልማዱ ከዚሁ በገመድ ይወስዳል፣ እኅቴ። ለቅሶ የሁለት የሦስት ቀን ነገር ነው። ያለን አቅም የፊት ለፊቱን እንኳ በቅጡ አያደርስም። ሰው የሚያየው ደግሞ ፊት ለፊቱን ነው።»

«ያ ገመድ ሰው ሊገድል ነበር።»

«እንግዲህ መጠንቀቅ ነው» አሉና ወደ ይርዳው ዞሩ። «የነገ ሳምንት ሰኞ ግንበኞቹ ለልስን ይገባሉ። እስከዚያ ቱቦህን ቅበር።»

ይርዳው በሐዘኔታ አያት። «እትዬ፣ እኔ ያሉኝን ነው የምሠራው» አላት።

የወጥ ቤቱ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ነደዱ። «እንግዲያው ለሚቀጥለው ለቅሶ ድስት አንጥድ» አሉ። «ሲርባቸው ይገባቸዋል።» ጥሩ ምክር ይመስላል፣ አይደል? አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ በልባችሁ አጨብጭባችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት።

ዘርፌ ግን «ሐዘንተኛው ምን በደለን?» አለች። «እናቱ የሞተችበት ሰው በባዶ ሆዱ ይዋል? አይሆንም። ድስቱም ይጣዳል፣ መስመሩም ይገባል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ግድግዳው ገና አልተለሰነም። ጊዜው አሁን ነው።»

በዚያ ሳምንት የኮሚቴውን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ አንኳኳች። አንዱ «ልክ ነሽ፣ ግን ሊቀመንበሩ ይወቁት» አላት። ሌላው «ልክ ነሽ፣ ግን ለዘንድሮ ይለፍ» አላት። ሁሉም ልክ ነሽ አሏት፤ አንዱም አብሯት አልቆመም። «ልክ ነሽ» የሚለው ቃል ግድግዳ አይፈለፍልም፣ ወገኖቼ። ቱቦ አይቀብርም።

የልስኑ ዋዜማ እሑድ ደረሰ። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ነው። ለስብሰባ ወንበር የምትደረድረው ማን ናት? እሷው ናት። የዚያን ቀን አንድም ወንበር አዳራሹ ውስጥ አላስቀመጠችም። የሊቀመንበሩን ባለ መደገፊያ ወንበር በጭንቅላቷ ተሸክማ ወደ ጓሮ ወሰደችና፣ ትልቁ ድስት ከሚጣድበት ቦታ ላይ ተከለችው። የሌሎቹንም በዙሪያው ደረደረች።

አቶ ማንደፍሮ መጡ። አዳራሹ ባዶ ነው። «ወንበሩስ?»

«ጓሮ ነው፣ ጋሼ። ዛሬ ስብሰባው እዚያ ነው።»

ተቆጡ። ነገር ግን ትልቅ ሰው በሰንበት ቀን ከሴት ጋር ወንበር ሲጓተት አይታይም። ከዘራቸውን እያንኳኩ ዞሩና ተቀመጡ። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት አይገባም ተብለው ያደጉ ናቸውና፣ በዚያ ሁሉ የእድር ዘመናቸው ያን ጓሮ ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። በወዲያኛው በኩል በጠመኔ የተዥጎረጎረው ግድግዳ፣ በዚህኛው በኩል አንዲት ጭረት የለበትም።

ዘርፌ ገመዱን ይዛ መጣች። ያንኑ ገመድ። ፕላስተሩ የለቀቀበትን ቦታ ዘረጋችላቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይያዙልኝ።»

አቶ ማንደፍሮ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ይያዙልኝ እንጂ።»

«ወዲያ አድርጊልኝ።»

«አይፍሩ፣ ጋሼ። በዚህ ግቢ ኤሌክትሪክ የለም። አሮጌው አዳራሽ ሲፈርስ የተነሣው ቆጣሪ እንኳ ገና አልተመለሰም።» የገመዱን ሌላ ጫፍ አነሣችላቸው፤ መሰኪያው በሌላው እጇ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ግን አሁንም እጃቸውን አላወጡም።

ዘርፌ ድምጿን አላነሣችም። «እርስዎ ምንም የሌለበትን ገመድ ፈሩ። አልፈርድብዎትም። እኛ ግን ያለበትን ነው የምንይዘው፣ እጃችን ርሶ፣ እግራችን ጭቃ ውስጥ ሆኖ። ብርቄ የያዘችው ይህን ነው። ባለፈው እሑድ ሻይ በግራዋ የሰጠችዎት፣ ቀኟ ስለማይታጠፍ ነው።»

አቶ ማንደፍሮ ብርቄን በዓይናቸው ፈለጓት። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ቆርቆሮውን ተደግፋ ቆማ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሏት። አሳየቻቸው።

«ያኔ ነው? መብራቱ የጠፋ ጊዜ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ያን ጊዜ ራሳቸው ያሉትን «ምን ነክታችሁ ነው» የሚል ቃል የሰሙት አሁን ይመስለኛል። ከዚያ ተነሡ። «ይርዳው ይጠራ። ለግንበኞቹም ነገ እንዳይመጡ ንገሯቸው።»

ከኮሚቴው አንዱ «ሊቀመንበር፣ ወጪውስ?» አለ።

«ባለ ብዙ አምፖሉ መብራት ይቅር። በአንድ አምፖል ብንተያይ አንሞትም።»

ይርዳው ጠመኔውን ይዞ መጣ። አቶ ማንደፍሮ ከዘራቸውን አላነሡም፤ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «የት የት ነው የምትቆሙት? በየቦታችሁ ቁሙለት።» ሴቶቹ ሄደው ቆሙ፤ አንዷ ድስቱ ጋ፣ አንዷ ሻይ ማፍያው ጋ፣ አንዷ ሳህን ማጠቢያው ጋ። ይርዳውም በየቆሙበት፣ በእጃቸው ልክ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ። ከውኃው አጠገብ ያለውን ሶኬት አራቀው፣ ከፍም አደረገው። «የመሬት መስመር የሚባል ሽቦ አብሮ ይቀበራል» አላቸው። «ኃይል ድንገት ያፈተለከ እንደሆነ በሰው በኩል ሳይሆን በእሱ በኩል ይወርዳል።»

«የቀረ ነገር አለ?» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

ብርቄ ቀስ ብላ ተናገረች። «አንዲት ድምጽ ማጉያ። ከፊት ለፊቱ ገመድ ተስቦ ወደዚህ ቢገባልን። ጸሎቱ ሲደረግ፣ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እኛ ሰምተን አናውቅም። የክርስትና እናቴን የሸኘን ጊዜ እንኳ እኔ እዚሁ ድስት ሥር ነበርኩ።»

ሊቀመንበሩ ይርዳውን «ይህንም ያዝ» አሉት።

ልስኑ ዘገየ። ሰው አጉረመረመ፤ ማጉረምረም አይቀርም። በአዲሱ አዳራሽ የመጀመሪያው ለቅሶ የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር። ጭቃው ላይ አንድም ገመድ አልተጋደመም። የካህኑ ጸሎት በድምጽ ማጉያዋ ጓሮ ሲደርስ ዘርፌ ማማሰያዋን ድስቱ ውስጥ ትታ ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። አቶ ማንደፍሮ ከዋናው ወንበር ተነሥተው ወደ ጓሮ ዞሩ። ብርቄ ሻይ ዘረጋችላቸው፤ በግራዋ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

አሁን ያን ዝምታችሁን መልሱልኝ።

ቤት የምትሠሩ አላችሁ። መስመሩን ያስያዛችሁት ከየትኛው ወንበር ሆናችሁ ነው? ሳሎኑ በሶኬት ተሞልቶ፣ የታመመች እናታችሁ የምትተኛበት ክፍል በአንዲት አምፖል ቀርቶ ይሆን? የምታበስልላችሁን ሰው «የት ነው የምትቆሚው? እጅሽ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠየቃችኋት? ጠይቁ። ዛሬ ጠይቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ የብርቄ ጣቶች ትንሽ ነገር አይደሉም።

ቤት የማትሠሩም አላችሁ። «እኔን አይመለከተኝም» አትበሉኝ። ትዳራችሁም ቤት ነው፣ ማኅበራችሁም ቤት ነው። እዚህ ፊት ለፊት አዲስ ድምጽ ማጉያ ገዝተናል፤ እሰይ። በራችን ላይ የሚያድረው ጥበቃ ጎጆ ውስጥ ግን መብራት አለ? ታውቃላችሁ? እኔ ከዚህ መድረክ ላይ ሆኜ አይታየኝም። እናንተስ ከተቀመጣችሁበት ይታያችኋል?

በግራው ስለሰጣችሁ ስንቱን ተቆጥታችኋል? ባለጌ ነው ያላችሁት ሰው፣ ትዕቢተኛ ያላችኋት ምራት፣ ሰነፍ ያላችሁት ልጅ፣ ቀኙ በእናንተው ገመድ የተጎዳ ቢሆንስ?

ግድግዳችሁ ገና አልተለሰነም። እግዚአብሔር ዕድሜ ሲሰጥ ልስኑን ማዘግየቱ ነው። ጊዜ አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ወንበራችሁን አንሡ። ተሸክማችሁ ወደ ጓሮ ውሰዱት። እዚያ ተቀመጡና ቤታችሁን ከዚያ በኩል እዩት።