የእመት ጃርት ጋን እና ጠላ ቀማሾቹ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጨዋታ ላወጋችሁ ነው፤ "እንስማ" በሉኛ! ድምፃችሁ የታለ? እሺ፣ አላችሁ እንበል።

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ነበረች። እመት ጃርት ገብስ ዘራች። ጃርት የሰው ማሳ ስትቆፍር እንጂ ስትዘራ አላየንም ትሉኝ ይሆናል። ያኔ ትዘራ ነበር አልኳችሁ፤ አታቋርጡኝ።

ገብሱ ደረሰ። ሰማዩ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሲሆን መጥቆር ጀመረ። በረዶ ከቀደማት አለቀላት። ብቻዋን አጭዳ አትጨርሰውም፤ ስለዚህ ለቅዳሜ ደቦ ጠራች። ደቦ ደግሞ ያለ ጠላ አይሆንም። አምና ያቀረበችው ጠላ ሙትት ያለ ነበር። አጫጆቹ አንዳንድ ዋንጫ ቀመሱና ተያዩ። አንዱ ወገቤን አመመኝ፣ ሌላው እንግዳ አለብኝ እያለ ገና በቀትር ማጭዱን ይዞ ውልቅ አለ። የቀረውን ገብስ በረዶ ደበደበው፤ ልጆቿም ክረምቱን ሥራ ሥር እየቆፈሩ ከረሙ። ዘንድሮም ይህ ከተደገመ ምን ታበላቸዋለች?

ስለዚህ ዘንድሮ አልሰነፈችም። ጌሾውን ወቀጠች፣ ብቅሉን ፈጨች፣ የእናቷን ጋን አጥባ በወይራ አጠነች። ጠነሰሰች፣ ደፈደፈች። በመጨረሻም ውሃ ሞላችበትና ክዳኑን ገጥማ፣ አፉን በጭቃ መርጋ ተቀመጠች።

ማክሰኞ እመት ጦጢት መጣች።

"እመት ጃርት፣ ደቦ ጠርተሻል አሉ። ጠላሽ እንዴት ነው?"

"ደኅና ይመስለኛል።"

"አምናም ይመስልሽ ነበር! እስቲ ቅጂልኝ፣ ልቅመስልሽ።"

ቤት ድረስ የመጣን ጎረቤት እንዴት አይቀመስም ይሏል? ነውር ነው። እመት ጃርት ጭቃውን ፈለፈለች፣ ክዳኑን አነሳች፣ በዋንጫ ቀዳች። ጦጢት ጠጣች፣ አጣጣመች፣ ፊቷን አጨማደደች።

"ሞቷል። አረፋ የለው፣ ምላስ አይነካ። ጌሾ አሳንሰሻል።"

"ማን? እኔ ነኝ ያነስኩት?" አለ ጌሾ ከውስጥ። "ይኸው ቤቱን ሞልቼው የለም እንዴ!"

ጋን አፉ ካልተከፈተ አይናገርም። አሁን ስለተከፈተለት እሱም ተናገረ። "አንቺ ልጅ፣ ጌሾውን ተዪው። እኔን ክደኚኝና..."

"አንተ ደግሞ ዝም በል!" አለች እመት ጃርት። እሾኋ ብድግ ብድግ አለ። "የእናቴ ጋን ነው ብዬ ባከብርህ ጭራሽ መካሪ ሆንክ?"

ጌሾ ጨመረች። ከደነች። መረገች።

ረቡዕ አያ ከርከሮ መጣ። ገና ከደጅ ጀምሮ አፍንጫውን ያስቀድማል።

"እመት ጃርት፣ ጠላሽ ሞተ ብላ ጦጢት በየደጁ ስታወራ ሰማሁ። አዘንኩልሽ። እስቲ ልቅመስልሽ።"

ጭቃውን ፈለፈለች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ቀዳች። ከርከሮ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"በአንዱ አይታወቅም፣ ድገሚኝ።" ደገመችው። "አሁንም አልለየልኝም፣ ሠልሺኝ።" ሠለሰችው።

"ብቅሉ ነው!" አለ አፉን እየጠረገ። "ብቅሉ ልግመኛ ነው።"

"እኔ ልግመኛ?" አለ ብቅል። "የሠራሁትን ሁሉ የምትጠጣው አንተ አይደለህም?"

"ልጄ፣ ስሚኝ" አለ ጋኑ። "ብቅሉ ምንም አላጠፋም። እኔን ክደኚኝና..."

"ጥፋተኛ ሁልጊዜ እንዲህ ይለፈልፋል!" አለች እመት ጃርት። እሾኋ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ቆመ።

ብቅል ጨመረች። ከደነች። መረገች።

ሐሙስ አባ ኤሊ መጡ። አባ ኤሊ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን እንቢ ማለት አይታሰብም። ጭቃውን ፈለፈለች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ቀዳች። አባ ኤሊ አንዴ ተጎነጩ። አሰቡ። ስለ አባታቸው ጠላ አወሩ። ምን እንደሚቀምሱ ረሱና እንደገና ተጎነጩ። ጋኑ አፉን እንደከፈተ ቀትር ሆነ፣ ቀትሩም አለፈ። እመት ጃርት አንዴ ዋንጫውን፣ አንዴ ሰማዩን ታያለች። ደመናው ከተራራው ማዶ ተነስቷል።

"ገባኝ" አሉ አባ ኤሊ በስንት ጊዜያቸው። "ጋኑ አልታጠነም። ገልብጪውና እንደ አዲስ አጥኚው።"

"ልገልብጠው?" አለች እመት ጃርት። "አባ፣ ደቦው እኮ ከነገ ወዲያ ነው!"

"እኔ አልታጠንኩም?" ብሎ ጮኸ ጋኑ። "ጭሱ አንጀቴ ድረስ ገብቷል! ልጄ፣ በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ ክደኚኝ! ክደኚኝ! ክደኚኝ!"

እመት ጃርት መጀመሪያ አለቀሰች። ልጆቿ እንደ አምናው ሥራ ሥር ሲያላምጡ ታዩዋት። ቀጥሎ ግን ንዴቱ መጣ፤ ንዴቱ ከእንባው ባሰ።

"በቃኝ!" አለች። "በቃኝ እናንተም፣ ጠላውም! አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሂዱልኝ። አንተም ክደኚኝ ነው የምትለው? እከድንሃለሁ! ሁለተኛ ድምፅህን ብሰማ ከገደል ነው የምወረውርህ!"

ክዳኑን ጓ አድርጋ ገጠመችው። ጭቃ በላይ በላዩ ደራረበችበት። ከዚያ ጋኑን ተደግፋ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። ዓርብ ጦጢት መጣች፤ "ጌሾው ገባለት? ልቅመስልሽ" አለች። እመት ጃርት እሾኋን አቁማ አንኮሻኮሸችው። ጦጢት ዛፍ ላይ ወጣች። ከርከሮ መጣ፤ አንኮሻኮሸችው። ከርከሮም የመጣበትን አፍንጫ ይዞ ተመለሰ። "ጃርት ባለጌ ሆነች" ተባለ። ይባላ!

ቅዳሜ ደቦው ወጣ። በቀትር አጫጆቹ ማጭዳቸውን አስቀምጠው ጥላ ሥር ተደረደሩ። እመት ጃርት ጭቃውን ፈለፈለች። ክዳኑን ገና ስትነካው ከእጇ አምልጦ ተስፈነጠረ! አረፋው ገንፍሎ በጋኑ ትከሻ ወረደ። የመጀመሪያው አጫጅ ተጎነጨ፤ አፍንጫውን ነክቶት አነጠሰ።

"ይሄ ነው ጠላ!" አለ። ወገቤን ያለ አልተገኘም፤ እንግዳ ያለበትም ጠፋ። እየዘፈኑ ወደ ማሳው ተመለሱ። የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ሲከደን የመጀመሪያው የበረዶ ጠጠር ወረደ።

እነዚያ ቀማሾች ዝም የሚሉ መሰላችሁ?

"ጌሾው ነው፤ አላልኩሽም?" አለች ጦጢት።

"የምን ጌሾ? ብቅሉ ነው!" አለ ከርከሮ።

"እኔ ባልመክራት ኖሮ..." ብለው ጀመሩ አባ ኤሊ፤ ምን እንደመከሩ ግን ረሱት።

እመት ጃርት ወደ ጋኑ ዞረች። "አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። ምን ነበር ችግሩ?"

"ትንፋሽ ነዋ!" አለ ጋኑ። "ጠላ ሲታፈን ነው ነፍስ የሚዘራው። ልቅመስ ላለሽ ሁሉ እየከፈትሽ ትንፋሹን አስወጣሽው። ክደኚኝ ስልሽ አልነበረም?"

"እና ለምን ቶሎ አትነግረኝም ነበር?" ብላ ተቆጣች።

"አይ አንቺ!" አለ ጋኑ ተስፋ ቆርጦ። "ልነግርሽ አፌ መከፈት ነበረበት። አፌ ሲከፈት ደግሞ ጠላሽ ይሞታል። እኔ ምን ላድርግ?"

እናንተም ልጆች፣ ገና በመፍላት ላይ ያለ ነገራችሁን ልቅመስ ላለ ሁሉ አትክፈቱ። ነውረኛ ይሏችኋል፤ ይበሏችሁ። በዚያ ክረምት በእመት ጃርት ቤት ገብስ ሲቆላ፣ ልጆቿም እየተሻሙ ሲቆረጥሙ፣ እናታችን ነውረኛ ናት ያለ አንድም አልነበረም።