የጳጉሜን ስድስት ትኬት

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ባልራቀ ወቅት፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በድረ ገጽ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ድረ ገጹ በተሻሻለ ቁጥር ሦስት ፈታሾች እያንዳንዱን ቁልፍ በእጃቸው እየነኩ መሥራቱን ያረጋግጣሉ። አለቃቸው ወይዘሮ እታፈራሁ ከሦስቱ አንዱን የክፍሉ ኃላፊ እንደሚያደርጉ ከተናገሩ ወዲህ ግን በመካከላቸው ቅናት ገባ። እኔም ቀናተኛ ነኝና አልፈርድባቸውም።

ውብሸት ቀደመ። በሰው ፈንታ ገጹን ከፍቶ፣ ቀንና ወንበር መርጦ፣ ትኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም ጻፈ። ሦስት መቶ ፍተሻ ደረደረ። አንዷ በጳጉሜን ስድስት ትኬት የምትቆርጥ ነበረች፤ የጻፋትም ባልደረባው ደምሰው በእጁ ፈትሾ «እንከን የለውም» ያለውን የቀን መቁጠሪያ ለማሳጣት ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ ቁልፎቹን የሚያገኘው በተቀመጡበት ቦታ ስለነበር፣ ገጹ ላይ ጥቂት ነገር ፈቀቅ ሲል ሦስት መቶውም ወደቁ።

ትርሲት በውድቀቱ ደስ አላት፤ ደስ መሰኘቷም አሳፈራት። የየገጹን ቁልፎች በስማቸው እየለየች በአንድ ቦታ ሰበሰበች፤ ከዚያ ወዲያ ገጽ ቢለወጥ የሚታረመው አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ፍተሻዎቹን አንድ በአንድ ስታድስ የጳጉሜኗ ላይ ደረሰች። የውብሸት ስም ከላይ ተጽፏል። ልትሰርዛት ቃጣትና ስሙን ብቻ ሰርዛ ፍተሻዋን ተወቻት።

ሁለቱ ሲመሰገኑ ደምሰው እህል አልወርድለት አለ። ፍተሻው አራት ሰዓት ስለሚፈጅ ማንም አይጠብቀውም ነበር። እሱ ሥራውን ለሃያ ኮምፒውተሮች አከፋፍሎ በሩብ ሰዓት አስጨረሰው።

ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን አላት። ሕዝቡ ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ለመግባት ትኬት ሊሻማ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አዲሱ ገጽ ሊለቀቅ ሆነ። አንዲት ፍተሻ፣ ያቺው የጳጉሜኗ፣ ወደቀች። አለቃዋ፣ አንዷ ትታለፍና ገጹ ይለቀቅ አሉ። ስሙ ቢሰረዝም ደምሰው ማን እንደጻፋት ያውቃል፤ ቢያልፋት ውብሸት ተረስቶ ይቀራል። አሥር ጊዜ ደጋገማት፤ አሥሩንም ጊዜ ወደቀች።

«ገጹ አይለቀቅም» አለ።

ሲታይ ገጹ የጳጉሜን ስድስትን ትኬት በመስከረም አንድ ይቆርጥ ኖሯል። ስንቱ ተሳፋሪ በዋዜማው ዕለት መናኸሪያ ሻንጣውን ታቅፎ ይቀር ነበር።

ወይዘሮ እታፈራሁ ሦስቱን ጠሩ።

«ያሰብኳት እኔ ነኝ» አለ ውብሸት። «ያሰብኳትም ደምሰውን ለማዋረድ ነው።»

«በሕይወት ያቆየኋት እኔ ነኝ» አለች ትርሲት። «ስሙን የሰረዝኩትም እኔው ነኝ።»

«ያላለፍኳት እኔ ነኝ» አለ ደምሰው። «ላልፋት ግን ልቤ ከጅሎ ነበር።»

 ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ኃላፊ የሚሆነው ግን አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት ሁለቱም በየማለዳው እሱን «ምን ልሥራ?» ብለው መጠየቅ አለባቸው። እንግዲህ እናንተ ተከራከሩ። ከሦስቱ ቀናተኞች ሹመቱ የሚገባው ለማን ነው?